የአክስቴን ቡፌ ነጭ ልቀባው ብዬ አበላሸሁት፤ ማንን ልመን?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? አክስቴ ቤት ሲቀይሩ አንድ ትልቅ አሮጌ ቡፌ ሰጡኝ። ታቹ አራት መሳቢያ፣ ላዩ ባለ መስታወት ነው። ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ሲሆን አንዳንድ ቦታ ተልጧል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው፤ ሳሎኑ ጨለም ስለሚል ነጭ ልቀባው ብዬ አሰብኩ። ለሙከራ አንዱን መሳቢያ ከግድግዳ በተረፈ ቀለም ቀባሁት። በማግስቱ ቢጫና ሮዝ ነገር ወጣበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጥፍሬ ስነካው እንደ ድንች ልጣጭ ተነሣ። አሁን ደግሞ መሳቢያው ራሱ አልዘጋ ብሏል። አናጺ ባማክር «እስከ እንጨቱ ካልተፋቀ አይሆንም» አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሳይፋቅ የሚቀባ ቀለም አለ ይላሉ። ማንን ልመን? የመሳቢያዎቹ ቁልፍም ጠፍቷል።»

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሙከራውን በአንድ መሳቢያ ላይ ማቆምሽ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሰው ሙሉውን ቀብቶ፣ ሙሉውን አበላሽቶ ነው የሚመጣው። መሳቢያውም ቢሆን በከንቱ አልተበላሸም። የቡፌውን ጠባይ አውጥቶ ነግሮናል። ሦስት ነገር ነው የተናገረው፤ አንዱም የቀለሙ ጥፋት አይደለም።

መላጡን እንይ። ቀለም የሚጨብጠው ነገር ካላገኘ አይቆምም። የአክስትሽ ቡፌ ላይ ያለው ቫርኒሽ እንደ መስታወት የለሰለሰ ነው። በዚያ ላይ የስንት ዓመት ነገር ተለጥፎበታል። የእጅ ቅባት አለ፤ በተለይ እጀታዎቹ ዙሪያ። የቡና ቁላት ጭስ አለ። እጣኑ አለ። እጣን እኮ ሙጫ ነው። ፍም ላይ ሲጨመር ጭሱ ሁሉ በመስኮት አይወጣም፤ የተወሰነው ስስ ቅባት ሆኖ ዕቃው ላይ ያርፋል። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ነጭ ጨርቅ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛው) ነክረሽ የቡፌውን ጎን አንዴ ጥረጊው። ጨርቁ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። አንቺ የቀባሽው እንግዲህ ቡፌውን ሳይሆን ያንን ነው።

ቢጫውና ሮዙ ሌላ ጉድ ነው። ይሄኛው እኔንም አዋርዶኛል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ነጭ ቀባሁ። ማታ ስወጣ ወተት መስሎ ነበር። ጠዋት ስመለስ ሮዝ ሆኖ አድሯል። የቤቱ እመቤት «ሮዝ መቼ አልኩህ?» አሉኝ። ቀለሙ ተበላሽቶ ነው ብዬ ሌላ ገዝቼ ደገምኩት። እንደገና ሮዝ። ሦስተኛ ቀባሁ። እሱም ሮዝ ሆነ፤ ትንሽ ደብዘዝ ማለቱ ብቻ ነው ልዩነቱ። የሦስት ቆርቆሮ ዋጋ ከኪሴ ከወጣ በኋላ ነው አንድ ሽማግሌ ቀቢ ምክንያቱን የነገሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ እንጨቱ ውድ እንዲመስል ከቫርኒሹ በፊት በቀይ ወይም በጥቁር ቡናማ ማቅለሚያ ይነከር ነበር። ማሆጋኒ የሚሉት ያ ቀይ መልክ ብዙ ጊዜ ከዚያ የመጣ ነው። እንጨቱ ራሱም ታኒን አለው፤ ሻይ ቅጠልን የሚያኮመጥጠው ያው ነገር ማለት ነው። የግድግዳ ቀለም በውሃ የተሠራ ነው። ውሃው በተላጠው ቦታ በኩል ይገባና ማቅለሚያውንም ታኒኑንም ያሟሟል። ሲደርቅ ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ይዟቸው ይወጣል። ላዩ ላይ ያየሽው ቢጫና ሮዝ እሱ ነው። ስለዚህ ያንኑ የውሃ ቀለም መደጋገም ተጨማሪ ውሃ ማጠጣት ብቻ ነው። የሚያስፈልገው መካከል ላይ ገብቶ በሩን የሚዘጋ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

አልዘጋ ማለቱ ደግሞ ቀላል ነው። መሳቢያውን ስትቀቢ ጎኑንም ቀብተሻል፤ ገምቼ ነው፤ ግን አልተሳሳትኩም። በመሳቢያውና በማደሪያው መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት እጅ ቀለም ከገባበት፣ እንጨቱም ውሃ ጠጥቶ ትንሽ ካበጠ፣ ያበቃል። የመሳቢያ ጎን አይቀባም። የፊቱ ገጽ ብቻ ነው የሚቀባው።

አሁን ወደ አናጺውና ወደ ኢንተርኔቱ እንምጣ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። እስከ እንጨቱ መፋቅ የግድ የሚሆነው እንጨቱን መልሰሽ ማየት ከፈለግሽ ነው። ወይም አሮጌው ቫርኒሽ በየቦታው ተሰነጣጥቆ እየረገፈ ከሆነ ነው። ለቀለም ግን መፋቅ ሌላ፣ ማሻከር ሌላ። ቀለም የሚፈልገው ንጹሕና ሸካራ ገጽ ነው። ጠንክሮ የያዘውን ቫርኒሽ ምን አድርጎሽ ታነሺዋለሽ? አሻክረሽ መነሻ አድርጊው።

ሳይፋቅ ይቀባል የሚሉት ቾክ ፔይንት ነው። አኒ ስሎን የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1990 ያመጣችው ዓይነት ቀለም ነው። ውስጡ እንደ ጠመኔ ያለ ዱቄት አለበት፤ ሲደርቅ የማያብለጨልጭ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ገጽ ይሰጣል። ውሸት አይደለም፤ ከተራ የውሃ ቀለም የተሻለ ይጨብጣል። እዚህ ካላገኘሽው ቤት ውስጥም ይሠራል፦ አንድ እጅ ጄሶ በአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ታሟሚና ሦስት እጅ የውሃ ቀለም ውስጥ ትጨምሪዋለሽ። ጄሶው ቶሎ ስለሚጠጥር ለአንድ ሰዓት ሥራ የሚበቃውን ብቻ በጥብጪ። ግን ሁለት ነገር አይነግሩሽም። አንደኛ፣ ቅባቱን አያልፍም፤ ያልታጠበ ዕቃ ላይ እሱም ይላጣል። ሮዙንም አያቆምም፤ እሱም የውሃ ቀለም ነው። ሁለተኛ፣ ላዩ ላይ የሚቀባው ሰም ነው። ሰም ሙቀት አይችልም። አንቺ ደግሞ ቡፌው ላይ ትኩስ ጀበና አታስቀምጪም ብለሽ ማይልኝ። ለፎቶ ፍሬም ወይም ለመኝታ ቤት ኮመዲኖ እሺ። ለሳሎን ቡፌ እኔ አልመክርም።

ቀለም ቆርቆሮ ሳትከፍቺ በፊት ግን አንድ ውለታ ዋይልኝ። አንድ መሳቢያ ሙሉ በሙሉ አውጪና ጀርባውንና ታቹን እይው። ያልተቀባው እንጨት እዚያ ነው ያለው። ጠርዙ ላይ የተፈጨ እንጨት ተጣብቆ የሚመስል ነገር ካየሽ ቺፕውድ ነው፤ ያለ ሐሳብ ቀቢው። ላዩ ላይ ስስ እንጨት ብቻ ተለጥፎበት ከሆነም ቀቢው፤ ግን ስታሻክሪ ተጠንቀቂ፤ ያ ስስ እንጨት ከአንድ ሚሊ ሜትርም ሊያንስ ስለሚችል ጠርዝ ላይ ሁለቴ ብትጫኚው አልቆ ታገኚዋለሽ። የእንጨቱ መስመር ከፊቱ ተነሥቶ በጠርዙ አልፎ ወደ ጎኑ ከቀጠለ ግን ድፍን ጣውላ ነው። ያኔ ቆም በይ።

ምክንያቱም የዚያ ዘመን ቡፌ ዋንዛ ሊሆን ይችላል። ዋንዛ ከበሮ የሚፈለፈልበት፣ የጅማ በርጩማ የሚቀረጽበት እንጨት ነው። ለመላጊያ ይታዘዛል፤ ብዙም አይጣመምም፤ ከጥቁሩ ቫርኒሽ ስር ያለው መልኩ ማር የመሰለ ቡናማ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለው እያለቁ ስለሆነ ነው። ዛሬ ድፍን የዋንዛ ቡፌ ላሠራ ብትይ ዋጋው ያስደነግጥሻል። ሰው ግን ጠቆረ ብሎ ለቆራሌው ይሰጠዋል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ምናለሽ ተራ ዝናብ እየመታው አግኝቼ አውቃለሁ።

ዋንዛ ከሆነ ነጭ አትቀቢው አልልሽም። ቤቱ ያንቺ፣ ዓይኑም ያንቺ ነው። ግን መካከለኛ መንገድ አለ። ላዩን ጠረጴዛና የመሳቢያዎቹን ፊት ፍቀሽ በእንጨቱ ተዪና በቫርኒሽ አብሺው። የቀረውን አካል ነጭ ቀቢ። ለጨለማ ሳሎን የሚያስፈልገው ብርሃን ከጎኖቹና ከላይኛው ክፍል ይገኛል። ደግሞ ብዙ የሚነካውና የሚቧጨረው የላዩ ገጽ ቀለም ከሌለው ቀለም አይረግፍበትም።

በነገራችን ላይ መሳቢያውን ባወጣሽበት አፍታ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች መኖራቸውንም እይ። ቀዳዳ ብቻውን አያስፈራም፤ የድሮ ሊሆን ይችላል። ስር ስሩ አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ከተጠራቀመ ግን ነቀዙ አሁንም እየበላ ነው። መድኃኒት ሳታስገቢበት ብትቀቢው ቀለሙን በስቶ ይወጣል።

ሥራው ይኸው። እጀታዎቹን፣ ማጠፊያዎቹን፣ የሚነቀለውን ሁሉ በካቻቢቴ ንቀይ። ማጠፊያ ላይ ቀለም እየለቀለቁ የሚያልፉ አሉ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እየተሰበረ ይረግፋል። ብሎኖቹን በየመሳቢያው ለይተሽ በፌስታል ቋጥሪያቸውና ከየት እንደመጡ ጻፊበት።

ቀጥሎ ማጠብ። ይሄንን ሰው ይዘለዋል። ለብ ባለ ውሃ ላርጎ በጥብጪና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ እሺው። ውሃ አታፍሺበት፤ ቺፕውድ ካለው ጠርዙ አብጦ እንደ ዳቦ ይነሣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። በረኪና አያስፈልግም፤ ቅባት አያወጣም። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለቴ ጥረጊ። ሲደርቅ በአኳራጅ አንድ ጊዜ ድገሚው፤ የሰም ነጠብጣብና የማብሰያ ቅባት የሚለቀው በእሱ ነው። ጨርቁ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ ቀይሪ። አክስትሽ ዕቃ የሚያብረቀርቅ ስፕሬይ ይጠቀሙ ከነበረ ደግሞ የበለጠ ታጥቢያለሽ። እነዚያ ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው። ሲሊኮን የቀረበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይሸሻል፤ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ማሻከሩን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሪ፤ በ180 ወይም በ220 ጨርሺ። በክብ አይታሽም፤ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ነው የሚሄደው። ወረቀቱን በትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልይው፤ በጣት ብቻ ስትገፊው ጎድጎዳ ይሠራል። ማለቁን የምታውቂው በዓይንሽ ነው። መብራቱን በጎን በኩል ያዢበት። የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ አልነካሽውም ማለት ነው። ሁሉም ደብዝዞ እንደ ጭጋግ ሲሆን በቃሽ። ለዚህ ቡፌ አንድ ሙሉ ከሰዓት ስጪው።

አንድ ከባድ ነገር እዚህ ጋ ልናገር። ከቫርኒሹ ስር ወይም ላይ አሮጌ ቀለም ካገኘሽ፣ በተለይ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ቀይ፣ በደረቁ አትፈግፍጊው። የድሮ ቀለሞች ብዙዎቹ እርሳስ ነበረባቸው፤ የምጽፍበትን እርሳስ ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው። አቧራው ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው፤ ለነፍሰ ጡርም እንዲሁ። አሜሪካ ለቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እኛ አገር ገደብ ያስቀመጠው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ በላይ እርሳስ ያለው ቀለም አይፈቀድም ይላል። እንግዲህ ቡፌው ስንት ዓመቱ እንደሆነ አስቢው። እንዲህ ያለ ቀለም ካገኘሽ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ገዝተሽ እያረጠብሽ አሻክሪ፤ አፍሽንና አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ ጭቃውን በጨርቅ ሰብስበሽ ጣይ፤ በመጥረጊያ አታቡኚው። ልጅ ካለ ያን ቀን ዘመድ ቤት ይዋል።

ጎድጎድ ያለውን ለመሙላት የእንጨት ስቱኮ ይበቃል። ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ ሰጋቱራ በኮላ ለውሰሽ ሙይው። ሲደርቅ ስለሚጎድል ትንሽ አሳብጠሽ ተዪውና በማግስቱ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክይ። የተነቃነቀ እግር ካለ አሁን ነው የሚጣበቀው፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ኮላ አይይዝም።

አሁን ወደ ሮዙ። በሩን የሚዘጋው ፕራይመር ነው፤ ከቀለሙ በፊት ከስር የሚቀባው ማለት ነው። የውሃ ፕራይመር ለዚህ አይሆንሽም፤ ራሱ ውሃ ነውና ያንኑ ያመጣል። በዘይት የተሠራ የእንጨት ፕራይመር ያዢ። አብዛኛውን ጊዜ ያቆመዋል። ያ ካልቻለው ጎማላካ አለ። ሕንድ አገር ዛፍ ላይ የሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚያወጣው ሙጫ ነው፤ እንደ ቅርፊት ተሰባብሮ ይሸጣል፤ በአልኮል ይሟሟል። የድሮ አናጺዎች ዕቃ የሚያብሱት በእሱ ነበር። አንድ ስስ እጅ ስትቀቢበት ማቅለሚያው ውሃ ስለማያገኘው ባለበት ይቀራል።

አትመኚኝ፤ ፈትኚው። የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ፣ ከኋላ በኩል ሳይሆን ፊት ለፊት ሮዙ በወጣበት መሳቢያ ላይ፣ ፕራይመር ቀቢ። ሲደርቅ ነጩን ቀቢበት። ይደር። ጠዋት ነጭ ከሆነ ቀጥዪ። ትንሽ እንኳ ቢጫ ካለ ጎማላካ ፈልጊ። እኔ ያን ጊዜ ይህን አንድ ሌሊት ብታገሥ ኖሮ ሦስት ቆርቆሮ አልከስርም ነበር።

የትኛው ቀለም? ሦስት ምርጫ አለሽ። አንዱ ዘይት ቀለም ነው፤ ሱቅ ስትሄጂ ሲንተቲክ ይሉሻል። ጠንካራ ነው፤ ውሃ ይችላል፤ ብሩሽ መስመር አይተውም። ግን ይሸታል፤ ለመድረቅ ቀን ሙሉ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ በተለይ ብርሃን በማያገኝ ቤት። ያንቺ ሳሎን ጨለማ ነው ብለሻል። ሁለተኛው በኮምፕሬሰር የሚረጭ ላከር ነው። ለስላሳነቱ የፋብሪካ ነው፤ የሚሠራው ግን ጋራዥ ወይም ወርክሾፕ ውስጥ እንጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይደለም። ከሰጠሻቸውም «ከስር ዘይት ቀለም አለው ወይ?» ብለው እንዲያዩ ንገሪያቸው። የላከሩ ቲነር ኃይለኛ ስለሆነ ከስር ያለውን አሮጌ ዘይት ቀለም አንስቶ እንደ ቅቅል ወተት ሰልባቦት ያጨማድደዋል። ሦስተኛው ለእንጨትና ለበር ተብሎ የተሠራ የውሃ ቀለም ነው። አንቺ ይሄንን ውሰጂ። ነጭነቱ ይቆያል፤ ሽታው ጎረቤት አያስወጣም፤ ብሩሹ በውሃ ይታጠባል። ከግድግዳው ቀለም ጋር ግን አታምታቺው። የግድግዳ ቀለም የተሠራው ማንም ለማይደገፍበት ነገር ነው፤ ሲደርቅም ለስላሳ ነው።

ስንት ቀለም ይበቃል ካልሽ፣ እንዲህ ዓይነቱ ቡፌ የሚቀባ ገጹ 5 ወይም 6 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ቀለም አንድ እጅ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ ለአንድ እጅ አንድ ሊትር ፕራይመር፣ ለሁለት እጅ ደግሞ አንድ ሊትር ተኩል ቀለም ይተርፍሻል እንጂ አያንስሽም።

አቀባቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይበቃኛል፦ ስስ። ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ሦስት ደግሞ ከሁለት። ብሩሹን አንድ ሦስተኛውን ብቻ ንከሪ፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አራግፊ። ለሰፊው ገጽ ትንሽ የስፖንጅ ሩሎ ተጠቀሚ፤ ብሩሹ ለማዕዘንና ለጌጡ ነው። አንዴ የቀባሽውን ሲጠጥር ስታዪ ተመልሰሽ አትንኪው። ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸነፈው። «ይቺ ትንሽ መስመር ትቅርባት» ትይና ትመለሻለሽ፤ ቀለሙ ግማሽ ደርቋል፤ ብሩሹ ይጎትተዋል፤ መስመሩ አሥር ይሆናል። ተዪው። ሲደርቅ በ320 ቁጥር ዳሰስ ታደርጊውና ቀጣዩ እጅ ይሸፍነዋል። በየእጁ መካከል ይህን ዳሰሳ አድርጊ፤ አቧራውንም እርጥብ ጨርቅ ይጥረገው።

መስታወቱን በሚገባ ልሸፍን ብለሽ ግማሽ ቀን አትጨርሺ። ዳር ዳሩን በወረቀት ፕላስተር ያዢ። ያመለጠው ሲደርቅ በምላጭ ይነሣል።

በረንዳ ላይ ብትቀቢ ጥሩ ነው፤ ግን ቀትር ፀሐይ ላይ አታውጪው። የአዲስ አበባ ፀሐይ በዚህ ከፍታ አትቻልም። የላዩ ቆዳ ቶሎ ይደርቅና ስሩ እርጥብ ይቀራል፤ ከዚያ አረፋ ይነሣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ በሁለት ሰዓት የሚደርቀው ማደር ይፈልጋል። ክረምት ላይ ከሆንሽ ቸኩለሽ ሁለተኛውን እጅ አትደርቢ። ማሞቂያም አትደቅኚበት። በአኳራጅና በዘይት ፕራይመር ስትሠሪ ደግሞ መስኮቱ ይከፈት፤ ምድጃ፣ ከሰልም ሆነ ሻማ አጠገቡ አይኑር። ጨርቆቹን ዘርግተሽ ውጭ አድርቂያቸው እንጂ ጨምድደሽ ቅርጫት ውስጥ አትጣይ። በተለይ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ተረት አይደለም፤ ዘይቱ ሲደርቅ አየር ይስባል፤ አየር ሲስብ ይሞቃል።

ላዩ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ከቀባሽው፣ ሁለት እጅ በውሃ የተሠራ ጠራ ያለ ቫርኒሽ ጨምሪ። የዘይት ቫርኒሽ ነጩን ቢጫ ያደርግብሻል።

ከዚህ በኋላ የሚያስቸግረው ትዕግሥት ነው። ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። በሁለት ሰዓት እጅሽ ላይ አይነካካም። ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ተጠቀሚበት፤ ግን በቀስታ። ዳንቴል አታንጥፊበት! ከሳምንት በኋላ ዳንቴሉን ስታነሺ አበባው በሙሉ ቀለሙ ላይ ታትሞ ታገኚዋለሽ፤ አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ሆኖባቸው «ጌጥ ነው ብዬ ተውኩት» ብለውኛል። ላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፤ ቀለሙን ያለሰልስና አብሮት ይጣበቃል። በሮቹን ለጥቂት ቀን ገርበብ አድርገሽ ተያቸው፤ ቀለም ከቀለም ሲገናኝ ይያያዛል።

የተበላሸው መሳቢያ ራሱ ምን ይሁን ነው የቀረው። ሥራው ከሌሎቹ ይቀልላል። ቀለሙ እየለቀቀ ስለሆነ በስፓቱላ ግፊው፤ አብዛኛው በአንድ ላይ ይነሣል። ጎኖቹ ላይ ያለውን እስከ እንጨቱ አንሺው፤ እዚህ ጋ አናጺው ልክ ነው። ከዚያ የሚንሸራተትበትን ቦታ በደረቅ ሳሙና ወይም በጧፍ አንዴ ሁለቴ ፈግፍጊበት። ያለ ምንም ግፊት ገብቶ ይዘጋል። የመሳቢያዎቹን ውስጥ አትቀቢ። የሚሸት ከሆነ ጠርገሽ ፀሐይ ላይ አውዪው፤ ውስጡን ስስ ጎማላካ ካገኘ ሽታው እዚያው ይታፈናል።

ቁልፉን ልሠራ ብለሽ ግን ቁልፍ ቤት ከመሄድሽ በፊት መሳቢያዎቹን አውጥተሽ የቡፌውን ሆድ በእጅሽ ዳብሺ። ድሮ ሰው ከጀርባ በኩል ሚስማር ላይ ያንጠለጥለው ነበር። ከሌለ መቆለፊያውን ፍቺው፤ በትናንሽ ብሎኖች ነው የተያዘው፤ እሱን ይዘሽ ስትሄጂ ቁልፍ ሠሪው ልኩን አውጥቶ ይቀርጽልሻል። ግን አስቀድመሽ ለአክስትሽ ደውይላቸው። እንደማውቃቸው እናቶች ከሆኑ፣ ቡፌውን ይሰጡሻል እንጂ ቁልፉ እስካሁን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይሆናል።